የቤት ሰርቨር ዕቃና ሃርድ ዲስክ አመራረጥ፦ ከሱቅ እስከ መጀመሪያው የመብራት መጥፋት

ቤታቸው ሰርቨር፣ ማለትም የቤተሰቡን ፋይል ሌት ተቀን የሚያስቀምጥና የሚያካፍል ኮምፒውተር፣ ለመትከል የሚያማክሩኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደውሉት ከገዙ በኋላ ነው። ኮር አይ7 ተገዝቷል፣ ራሙ 32 ጊጋ ነው፣ ኬዙ ቀስተ ደመና የሚያበራ ፋን አለው። ሃርድ ዲስኩ ግን «እዚያው ሱቅ የተገኘ» ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ደግሞ «በኋላ እንገዛለን» ተብሎ ቀርቷል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል፤ የልጆቹ ፎቶ በሙሉ እሱ ላይ ነው።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ የቤት ሰርቨር በደካማ ፕሮሰሰር ሲሞት አላየሁም። የሚሞተው በመብራትና ሳይፈተሽ በተገዛ ዲስክ ነው። ስለዚህ ገንዘቡም ሐሳቡም መሄድ ያለበት መጀመሪያ ወደ መብራቱ፣ ቀጥሎ ወደ ዲስኩ፣ በመጨረሻ ወደ ኮምፒውተሩ ነው። ደረጃዎቹን በተራቸው ሂዱባቸው። በተለይ 6ኛውንና 7ኛውን አትዝለሉ፤ የሚዘለሉት ሁልጊዜ እነሱ ናቸው።

ታሳቢ ያደረግሁት አንድ ቤት ነው፦ የቤተሰብ ፎቶና ቪዲዮ፣ የሥራ ሰነድ፣ ምናልባት ጥቂት የጥበቃ ካሜራ።

## ደረጃ 1፦ ልኩን አውጡ

1. ስልኮች፣ ላፕቶፖችና አሮጌ ፍላሾች ላይ ያለውን በሙሉ ደምሩ። ግምት አይበቃም፤ እያንዳንዱን ክፈቱና ቁጥሩን ጻፉ።
2. በዓመት ስንት እንደሚጨምር አስሉ። ያለፈውን ዓመት ፎቶና ቪዲዮ መጠን ማየት ይበቃል።
3. ያላችሁን እና የ4 ዓመት ጭማሪውን ደምራችሁ ሲሶ ያህል ጨምሩበት። ዲስክ እስከ አፉ ሲሞላ ይዘገያል፤ ለማስፋትም ፋታ አይሰጥም።
4. ካሜራ ካለ ለብቻው አስሉት። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይጽፋል። 4 ካሜራ ለ15 ቀን ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ 2.6 ቴራ ለካሜራ ብቻ ይሄዳል።

የወጣውን ቁጥር ያዙና ዲስኩን ሁለት ግዙ። አንዱ የሌላው መስታወት ሆኖ ይሠራል፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል። ሁለት ባለ 4 ቴራ ዲስክ የሚሰጣችሁ 4 ቴራ ነው፤ 8 አይደለም። ኮምፒውተሩም 3.6 ብሎ ያሳያችኋል። ሻጩ አልሰረቃችሁም፤ አምራቾች በ1000 ይቆጥራሉ፣ ኮምፒውተሩ በ1024።

## ደረጃ 2፦ መብራቱን አስተካክሉ

ከሁሉ በፊት የምትገዙት ዩፒኤስ ነው። ስትመርጡ እነዚህን አረጋግጡ፦

1. የዩኤስቢ ወደብ ይኑረው። ወደቡ ስልክ ለመሙላት ሳይሆን ከሰርቨሩ ጋር ለመነጋገር መሆኑን ጠይቁ። እሱ ከሌለ ሰርቨሩ መብራት መጥፋቱን የሚያውቀው አብሮ ሲጠፋ ብቻ ነው።
2. ቮልቴጅ የሚያስተካክል ይሁን። «ላይን ኢንተራክቲቭ» ወይም «ኤቪአር» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። የኛ ችግር መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ እየበራም ከ220 በታች ሲወርድና ሲወጣ ይውላል።
3. 650 ቪኤ (የዩፒኤስ ጉልበት መለኪያ ነው) በቂ ነው። ባለ ሁለት ዲስክ ሰርቨርና ራውተሩ አንድ ላይ 40 ዋት ገደማ ይበላሉ። ጥሩ ባትሪ ያለው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ይህን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይይዛል።
4. የባትሪውን ዕድሜ እዩ። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳይሞላ ዓመት የተቀመጠ የሊድ ባትሪ አዲስ ቢባልም ደክሟል። ቀኑን ካርቶኑ ላይ ፈልጉ፤ እዚያው አሰክታችሁ መብራት ነቅላችሁ ሞክሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአሜሪካ የመጣ ዩፒኤስ አትሰኩ። የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የኛ ሶኬት ይፈጀዋል። ዘመድ «ልላክልህ» ቢላችሁ ዲስክ ይላክ፤ ዩፒኤስ ከዚሁ ይገዛ።

የሚሰካበትን ቦታም ምረጡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል። ከእሱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ያለ ሶኬት እንጀራ በሚጋገር ቀን ቮልቴጁ ይሰምጣል። የኔ ዩፒኤስ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ጠቅ ጠቅ ሲል ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ዩፒኤሱን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ። መፍትሔው ወደ ሌላኛው ብሬከር መስመር ማዛወር ብቻ ነበር።

የኮምፒውተሩን ብረት ስትነኩ ከነዘራችሁ ግራውንድ የለም ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያን ጥሩና ግራውንዱ ሳይስተካከል ወደ ቀጣዩ ደረጃ አትለፉ።

## ደረጃ 3፦ ኮምፒውተሩን ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ አታጥፉ። ፋይል ለማስቀመጥና ለማካፈል ስላይትሊ ዩዝድ የቢሮ ኮምፒውተር ይበቃል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር በብዛት ይገኛሉ። ኮር አይ5 7500 ወይም አይ3 8100 ያለው ብትይዙ ለዚህ ሥራ ይተርፋል። የቤት ኔትወርክ ባለ 1 ጊጋቢት ከሆነ በገመዱ የሚያልፈው በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያጣድፍ ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ነው የሚቀመጠው።

ሱቁ ውስጥ ክዳኑን አስከፍቱና እነዚህን እዩ፦

1. የ3.5 ኢንች ዲስክ ቦታ ስንት ነው? ትንንሾቹ ኬዞች አንዳንዴ አንድ ብቻ ይይዛሉ። ሁለት ካልያዘ ተዉት፤ ታወር የሚባለውን ቁመታሙን ጠይቁ። መጽሐፍ የሚያክሉት ሚኒ ኮምፒውተሮች ጭራሽ አይሆኑም።
2. ዲስክ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበትን የሳታ ወደብ ቁጠሩ። ቢያንስ 3 ይኑር፦ ሁለት ለዳታ፣ አንድ ኮምፒውተሩ ለሚነሣበት ሲስተም። ኤም ዶት 2 የሚባል የትንሽ ዲስክ መሰኪያ ካለው ሲስተሙ እዚያ ይገባል።
3. የዲስክ መብራት ገመዱ አለ? ዴልና ኤችፒ የራሳቸውን ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ይጠቀማሉ። ከመጀመሪያው የጎደለ ገመድ በኋላ ማግኘት ፈተና ነው።
4. ራም 8 ጊጋ ይበቃል። 16 ካገኛችሁ ጥሩ፤ ለ32 ግን አትክፈሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአሮጌው ባለ 4 ቀዳዳ ሞሌክስ ወደ ሳታ የሚቀይር ርካሽ መቀየሪያ አትግዙ፤ በተለይ ጫፉ በአንድ ላይ በፕላስቲክ የፈሰሰውን። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ተነካክተው የሚቃጠሉት እነዚህ ናቸው፤ ሲቃጠሉ ዲስኩንም ይዘው ይሄዳሉ።

ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ሰክቶ «ሰርቨር» ማለትም ይቅርባችሁ። ዩኤስቢው ለአፍታ ሲላቀቅ መስታወቱ ይሰበራል፤ የሚላቀቀው ደግሞ ማንም በማያይበት ሌሊት ነው።

## ደረጃ 4፦ የዲስኩን ዓይነት ምረጡ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ሜካኒካል ሃርድ ዲስክ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለው። አንዱ ሲኤምአር ነው፤ መስመሮቹ ጎን ለጎን ሳይነካኩ ይሰመራሉ። ሌላው ኤስኤምአር ነው፤ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይደራረባሉ። ቆርቆሮ መካከል ያለውን አንድ ቅጠል ለመቀየር ላዩ ላይ ያረፈውን ማንሳት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ኤስኤምአር ዲስክ ትንሽ ነገር ለመለወጥ ጎረቤቱንም ደግሞ ይጽፋል። ፋይል አንዴ ገልብጦ ለማስቀመጥ ችግር የለውም። መስታወት በሚሠራበት ቦታ ግን አንዱ ዲስክ ተበላሽቶ አዲሱ ሲተካ፣ በሰዓታት የሚያልቀው ሥራ ቀናት ይፈጃል። አንዳንዴም ሲስተሙ «ይህ ዲስክ ሞቷል» ብሎ ያስወጣዋል።

ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2020 ለሰርቨር ብሎ በሚሸጠው ቀይ ዲስክ ውስጥ ኤስኤምአር ማስገባቱ ታውቆ ብዙ ጫጫታ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ «ቀይ ነው፣ የሰርቨር ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም፤ መለያውን አንብቡ፦

- ዌስተርን ዲጂታል፦ «ሬድ ፕላስ» ወይም «ሬድ ፕሮ» ግዙ። ከ2 እስከ 6 ቴራ ባለው መደበኛ «ሬድ» ላይ መለያው ኢኤፍኤኤክስ ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ኤስኤምአር ነው፤ ተዉት። ኢኤፍአርኤክስ፣ ኢኤፍዜድኤክስ፣ ኢኤፍፒኤክስ የሚሉት ሲኤምአር ናቸው።
- ሲጌት፦ በመለያው መካከል ያሉትን ሁለት ፊደላት እዩ። ቪኤን አይረንዎልፍ ነው፤ ግዙ። ኤንኤም ኤክሶስ ነው፤ ጠንካራ ነው ግን ይጮኻል፣ መኝታ ቤት አይሆንም። ዲኤም ባራኩዳ ነው፤ ኤስቲ4000ዲኤም004 ኤስኤምአር ነው፣ ኤስቲ2000ዲኤም008ም እንዲሁ።
- ቶሺባ፦ ኤን300 ይሆናል። ፒ300 በ4 እና በ6 ቴራ ኤስኤምአር ነው።

ሰርቨር ዲስክ ፈልጋችሁ ካጣችሁ የጥበቃ ካሜራ የሚሸጡ ሱቆች ሂዱ። እዚያ የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕልና የሲጌት ስካይሆክ አይጠፋም። ለ24 ሰዓት ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ የቤት ሰርቨር ውስጥም በደንብ ይሠራሉ። «የካሜራ ነው፣ ለኮምፒውተር አይሆንም» የሚላችሁን አትስሙት።

### ኤስኤስዲስ?

ለሲስተሙ አዎ፤ ከ128 እስከ 256 ጊጋ ያለው አንድ ትንሽ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) ግዙ። ለዳታው ግን ገንዘቡ ካልተረፋችሁ አያስፈልግም፤ ከላይ ያልኩት 110 ሜጋባይት ላይ ሜካኒካሉም ይደርሳል። ብትገዙ ሣጥኑ ላይ ቲቢደብሊው የሚለውን ቁጥር አወዳድሩ፤ በዋስትናው ውስጥ ስንት ቴራ መጻፍ እንደሚፈቅድ ይነግራችኋል። ሳምሰንግ 870 ኢቮ በ1 ቴራው 600 ነው፤ ርካሹ ወንድሙ 870 ኪውቪኦ 360። በፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ «16 ቴራ ኤስኤስዲ» ካያችሁ ፌክ ነው፤ ዘወር በሉ።

## ደረጃ 5፦ አዲስ፣ ዩዝድ ወይስ ከውጭ?

አዲስ ከሱቅ። ሁለቱን ዲስክ ከተለያየ ሱቅ ግዙ። በአንድ ካርቶን የመጡ፣ በአንድ ሳምንት የተሠሩ ዲስኮች በአንድ ሰሞን መታመም ይወዳሉ።

ዩዝድ። ዋጋው ግማሽ ከሆነና 6ኛውን ደረጃ ካለፈ አልቃወምም። ግን መሰኪያውን እዩ፦ የሳታ ዲስክ በመብራቱና በዳታው መሰኪያ መካከል ክፍተት አለው። ክፍተቱ በፕላስቲክ ድልድይ ከተሞላ ሳስ የሚባል የትልልቅ ሰርቨር ዲስክ ነው፤ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ አይገባም። ከድርጅት የወጡ ርካሽ ዲስኮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ከውጭ። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሲመጣ ባለ 8 ቴራ ኤክስተርናል አምጥቶ፣ ፕላስቲኩን ፈልቅቆ ውስጡን መጠቀም የታወቀ ዘዴ ነው። ሦስት ነገር ልብ በሉ። በእጅ ሻንጣ ይምጣ፤ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ የገባ ሻንጣ ይወረወራል። ሲፈለቀቅ ዋስትናው ማስከራከሩ አይቀርም፤ ዋስትናም በአህጉር የተከፋፈለ ነው። ከተሰካ በኋላ ጭራሽ ካልተነሣ ደግሞ ዲስኩ ሞቶ ላይሆን ይችላል፦ አንዳንዶቹ በ3ኛው የመብራት እግር (ፒን) 3.3 ቮልት ሲያገኙ ላለመነሣት የተሠሩ ናቸው። ያንን እግር ሙቀት በሚችል ቴፕ ሸፍኑት፤ ይነሣል።

## ደረጃ 6፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ፈትሹ

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የዲስክን ጤና የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተጫነበት ላፕቶፕ፣ እና የራሱ ባለ 12 ቮልት መብራት ያለው የዩኤስቢ–ሳታ መቀየሪያ። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ በዩኤስቢ ጉልበት ብቻ አይነሣም።

1. ዲስኩን ከአካሉ ጀምራችሁ እዩ። የጎን ቀዳዳዎቹ ላይ የብሎን ጭረት፣ የመሰኪያው ወርቃማ ጥርሶች ላይ የመሰካት መስመር ካለ አዲስ አይደለም፤ «ፓክድ ነው» ቢባልም።
2. ሲሪያል ቁጥሩን በስልካችሁ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። የዋስትናው ቀን ይወጣል። «ለሌላ ድርጅት ዕቃ አካል ሆኖ የተሸጠ ነው» የሚል ከመጣ የአምራቹ ዋስትና የለውም፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ተነጋገሩ።
3. ሰክታችሁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈቱ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሲሪያል ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ተለጣፊው የሌላ ነው።
4. «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለውን አንብቡ። አዲስ ከሆነ ዜሮ ወይም ጥቂት ሰዓት ነው። 8,760 ሰዓት አንድ ዓመት ነው።
5. ከታች ካለው ሠንጠረዥ ሦስት መስመር ፈልጉ፦ 05፣ ሲ5 እና ሲ6። በሌሎች ፕሮግራሞች 5፣ 197 እና 198 ተብለው ይጻፋሉ። የተተኩ፣ በጥርጣሬ የተያዙና ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ናቸው። በጥሬ ቁጥሩ አምድ ሦስቱም ዜሮ ይሁኑ። አንዱ 1 እንኳ ቢሆን አትግዙ።

ፕሮግራሙ ጥሬ ቁጥሮቹን ሲጀምር በሄክስ ስለሚያሳይ ፊደል የተቀላቀለበት ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፤ ከምናሌው ወደ ዴሲማል ቀይሩት።

አንድ ጊዜ ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ አዲስነቱ የሚሸት ዲስክ ሰክቼ 31 ሺህ ሰዓት አሳየኝ። ሦስት ዓመት ተኩል ሌት ተቀን ሲሠራ የነበረ ማለት ነው። ሻጩ ቁጥሩን አይቶ «እሱማ የፋብሪካ ሙከራ ነው» አለኝ። ዓይን አውጣነት ማለት ይህ ነው!

ሰዓቱ ዜሮ መሆኑም ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ በጀርመን የተጋለጠ ጉዳይ አለ፦ ለዓመታት የሠሩ የሲጌት ኤክሶስ ዲስኮች ሰዓታቸው ተሰርዞ እንደ አዲስ በየሱቁ ተሸጡ። የተያዙት ሲጌት «ፋርም» በሚለው ሁለተኛ መዝገብ ነው። ስለዚህ የሲጌት ዲስክ ከገዛችሁ ቤት ገብታችሁ በሊኑክስ ላይ ስማርትመንቱልስ በሚባለው የዲስክ መመርመሪያ፣ በ7.4 ወይም ከዚያ በኋላ በወጣ እትም የፋርሙን ሰዓት አውጡ። ሁለቱ ሰዓቶች በጣም ከተራራቁ ዲስኩ አዲስ አይደለም። ይህን ስታደርጉ ዲስኩ በቀጥታ በሳታ ይሰካ፤ ብዙ የዩኤስቢ መቀየሪያዎች መዝገቡን አያሳልፉም።

6. ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ? እንግዲያው ከጎኑ በእጅ ጽሑፍ «በ7 ቀን ውስጥ ችግር ከተገኘ ይቀየራል» ብሎ ከሲሪያል ቁጥሩ ጋር ያስፍርላችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ቀጣዩ ደረጃ ከእነዚህ 7 ቀናት 3ቱን ይበላል፤ ስለዚህ በገዛችሁ ዕለት ጀምሩት።

## ደረጃ 7፦ ቤት ወስዳችሁ አስጨንቁት

አዲስ ዲስክ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ፎቶአችሁ ከመግባቱ በፊት ይበላሽ።

ማስጠንቀቂያ፦ ተራ ቁጥር 3 ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ሌላ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ላይ ንቀሉ፤ የሚፈተነው ብቻ ይቅር። የዲስኩን ስም አሳስቶ የሲስተሙን ዲስክ የሰረዘ ሰው አውቃለሁ። እሱ እኔ ነኝ።

1. በዚያው ስማርትመንቱልስ ዲስኩ ራሱን የሚመረምርበትን አጭሩን የስማርት ፈተና አስኬዱ፤ 2 ደቂቃ ገደማ ነው።
2. ረጅሙን አስኬዱ። ለ4 ቴራ 8 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ማታ ለቃችሁት ተኙ።
3. በሊኑክስ ላይ ባድብሎክስ የሚባለውን የዲስክ መፈተኛ በመጻፍ ስልቱ አስኬዱ፤ የብሎክ መጠኑን 4096 አድርጉ። አራት ጊዜ ሙሉውን ይጽፋል፣ አራት ጊዜ ያነባል። ለ4 ቴራ 60 ሰዓት ያህል ነው።
4. ረጅሙን ፈተና ደግማችሁ አስኬዱ፤ ከዚያ 5፣ 197፣ 198ን እንደገና አንብቡ።

ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰክታችሁ ነው ይህን የምትጀምሩት፤ ዩፒኤሱ በ2ኛው ደረጃ የተገዛው ለዚህም ጭምር ነው። መብራቱ ለሰዓታት ጠፍቶ ባድብሎክስ ቢቋረጥ ከመጀመሪያ መጀመር ግድ ይላል። በሰፈራችሁ 60 ሰዓት ያልተቋረጠ መብራት ተረት ከሆነ በአንድ ዙር ብቻ አስኬዱት፦ አንድ መጻፍ፣ አንድ ማንበብ፣ 15 ሰዓት። ከምንም ይሻላል።

### ውጤቱን እንዴት ታነባላችሁ?

- ሦስቱ ቁጥሮች ዜሮ ከሆኑ ዲስኩ አልፏል።
- አንዱ ከፍ ካለ የስክሪኑን ፎቶ አንሡና ወደ ሱቁ ውሰዱት። «ትንሽ ነው፣ ይቆማል» ቢሏችሁ አትስማሙ፤ አይቆምም።
- 199 የሚለው ብቻ እየጨመረ ከሆነ ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም። የሳታ ገመዱን ቀይሩና ድገሙት።
- ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ካለፈ ፈተናውን አቁሙና ፋን ከፊቱ አድርጉ። የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለ ፋን ማቀዝቀዝ የሚችል ዲስክ እዚህ ሊግል ይችላል። ከ30 እስከ 45 መካከል እንዲሆን ጣሩ።

በነገራችን ላይ ብዙ ሃርድ ዲስኮች እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ነው። ከተማው ውስጥ ምንም አይላችሁም፤ ከዚያ በላይ ደጋ ላይ የምትኖሩ ግን የዲስኩን ወረቀት አንብቡ።

## ደረጃ 8፦ ግጠሙ፣ መስታወቱንም ሥሩ

1. የእያንዳንዱን ዲስክ ሲሪያል የመጨረሻ 4 ቁጥር በትልቁ ጽፋችሁ ከውጭ በሚታየው ጎኑ ላይ ለጥፉ። ለምን እንደሆነ ከታች ታያላችሁ።
2. ዲስኮቹ እንዳይነካኩ ክፍተት ተዉ። አራቱንም ብሎን እሠሩ፤ በሁለት ብሎን የተንጠለጠለ ዲስክ ይንቀጠቀጣል።
3. ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር፣ ባዮስ ውስጥ ግቡ። ዲስኮችን የሚያጣምረውን የማዘርቦርዱን ሬይድ አጥፉትና ሳታውን «ኤኤችሲአይ» አድርጉት። ማዘርቦርዱ ሲሞት ሬይዱም አብሮ ይሞታል፤ መስታወቱን ሶፍትዌሩ ይሥራው።
4. እዚያው ባዮስ ውስጥ «መብራት ሲመለስ» የሚለውን ምርጫ «ተነሣ» ላይ አድርጉ።
5. ሲስተሙን በትንሹ ኤስኤስዲ ላይ ጫኑ። ራሙ 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ከሆነ ትሩናስ፣ ከዚያ ካነሰ ኦፕንሚዲያቮልት፤ ሁለቱም የሰርቨር ሲስተሞች ናቸው። ትሩናስ የተጫነበትን ዲስክ ሙሉ ለራሱ ስለሚወስድ ትልቅ ኤስኤስዲ አታባክኑበት።
6. ሁለቱን ዲስኮች በመስታወት አጣምሩ። የስማርት ፈተና በወር አንዴ በራሱ እንዲሠራና ችግር ሲያገኝ ኢሜይል እንዲልክላችሁ አድርጉ፤ የሙከራ ኢሜይል ልካችሁም መድረሱን እዩ።

## ደረጃ 9፦ መብራቱን ራሳችሁ አጥፉ

1. የዩፒኤሱን ዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙና ዩፒኤሱን የሚከታተለውን ኤንዩቲ የሚባል አገልግሎት አብሩ። ስም የሌለው ርካሽ ዩፒኤስ ከሆነ «ኪውኤክስ» የሚል ስም ያለውን ድራይቨር ሞክሩ፤ አብዛኞቹ በእሱ ይሠራሉ።
2. መብራት በጠፋ በ5ኛው ደቂቃ ሰርቨሩ ራሱን እንዲዘጋ አድርጉ። ባትሪው እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ በየቀኑ እስከ መጨረሻው የሚወርድ ባትሪ ዓመት አይሞላም።
3. ሰርቨሩ ከተዘጋ በኋላ ዩፒኤሱ የሚሰጠውን መብራት እንዲያቋርጥ የሚያዘውን ምርጫ አብሩ። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ካልበራ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሰርቨሩ ይዘጋል፣ ዩፒኤሱ ግን አሁንም መብራት እየሰጠ ነው፣ ከዚያ የመንግሥት መብራት ይመጣል። ሰርቨሩ መብራት መቋረጡን ስላላየ «መብራት ሲመለስ ተነሣ» የሚለው ትእዛዝ አይሠራም። ጠዋት ተነሥታችሁ «ለምን ጠፋ?» ትላላችሁ።
4. አሁን፣ ምንም ጠቃሚ ነገር ሳይገባበት፣ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉ። ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ፣ መዘጋት፣ የዩፒኤሱ መቋረጥ። ገመዱን መልሱ። ሰርቨሩ ሳትነኩት ከተነሣ ጨርሳችኋል፤ ካልተነሣ ወደ 3 ተመለሱ።

## ደረጃ 10፦ ሦስተኛውን ቅጂ አስቀምጡ

መስታወት ከዲስክ መበላሸት ያድናል እንጂ ከሌባ፣ ከመብረቅና «ተሳስቼ ሰረዝኩት» ከሚል ልጅ አያድንም። አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ግዙ፣ በወር አንዴ ገልብጡበት፣ እናታችሁ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ለዚህ ኤስኤምአሩ ርካሽ ዲስክ ይሆናል፤ አንዴ ጽፎ መቀመጥ ነው ሥራው።

## አንዱ ዲስክ ሲሞት

1. አትደንግጡ፣ ሰርቨሩንም ደጋግማችሁ አታስነሡ። ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሁሉም ነገር አለ።
2. ቅድሚያ የኤክስተርናሉን ቅጂ አድሱ። መስታወቱን ስትሠሩ ጤነኛው ዲስክ ለሰዓታት ሙሉ በሙሉ ይነበባል፤ ሁለተኛው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ነው።
3. ሲስተሙ የታመመውን ዲስክ ሲሪያል ይነግራችኋል። ሰርቨሩን ዝጉ፣ የለጠፋችሁትን 4 ቁጥር ፈልጉ፣ ያንኑ ብቻ አውጡ። «ሁለተኛው ወደብ ላይ ያለው ይሆናል» ብሎ ጤነኛውን አውጥቶ የሰረዘ ሰው ሦስተኛ ዕድል የለውም።
4. አዲሱ ዲስክ መጠኑ ከሞተው ያላነሰና ሲኤምአር ይሁን። ከተቻለ 7ኛውን ደረጃ አሳልፉት፤ ጊዜ ከሌለ ረጅሙን የስማርት ፈተና ብቻ እንኳ።
5. ተኩና መገልበጡን አስጀምሩ። ለ4 ቴራ 8 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ቀን እንጀራ አይጋገር።